ወደ ቀኝ የዞረው ባላንስ

በእኛ ክፍልና በባሌ ታላቅ እህት ክፍል መሀል ያለው ግድግዳ፣ ግድግዳ ለመባል ብቻ የቆመ ነው። እዚያ ማዶ ማንኪያ ሲወድቅ እኔ እዚህ ጎንበስ ብዬ ላነሳ ይቃጣኛል። እትዬ ግን ይህን አያውቁም፤ ወይም አውቀው ነው። የዚያን ቀን ማለዳ የመጨረሻውን ሹራቤን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት፣ በስልክ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ "ወንድሜን ዝም ያሰኘችው እሷ ናት" ሲሉ ሰማሁ። "ስንት የሚጫወት፣ ስንት የሚያስቅ ልጅ ነበር! ያቺን የስፌት መኪና አስገብታ ገንዘብ ማየት ስትጀምር ናቀችው። የተናቀ ሰው ደግሞ አፉን ይዘጋል።" ሹራቤን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ግድግዳውን በጡጫ ልለው አሰብኩና ተውኩት። አሁን ይሄ ፍርድ ነው? ዝም ያለው እሱ፣ ሳለቅስ የማድረው እኔ፣ ቦርሳ የምሸክመው እኔ፣ ጥፋተኛዋም እኔ! እርር ድብን ብዬ ዚፑን ስስበው ሊበጠስ ምንም አልቀረው።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሁሉ ዲጄ ይሉታል፤ እኔም ከነሱ ተጋብቶብኝ ዲጄ ነው የምለው። ጋቢናው ውስጥ የገጠመውን ቴፕና ድምፅ ማጉያ እንደ ልጅ ነው የሚንከባከበው። ሌሎቹ ሹፌሮች አዲስ ስፒከር ካስገጠሙ ባላንሱንና ኢኳላይዘሩን እሱ ሳይነካው አይከፍቱትም። ይህ ሰው ታዲያ ድሮ ከየትም ሆኜ "ዲጄ" ስለው፣ ጫማውን እያሰረም ቢሆን፣ አፉ ውስጥ ምግብ ቢኖርም፣ "ወይ" ይለኝ ነበር። ሳብ አድርጎ፣ ምን ላድርግልሽ እንደማለት። ሀብታም አይደለንም፣ ቆንጆም አይደለሁም፤ ይቺ "ወይ" ግን የኔ ነበረች። እሷ ናት የቀረችብኝ። እጠራዋለሁ፣ ዝም። ደግሞ ሁልጊዜ ዝም ቢል አንድ ነገር ነው፤ ፊት ለፊቱ ቆሜ ስናገር ይመልሳል፣ ዞር ካልኩ የለም። እንደፈለገ መሆኑ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወደ ኋላ ሄጄ ሳስበው እውነትም ነገሩ የጀመረው የስፌት መኪናው ሲመጣ ነው፤ እትዬ ያናደዱኝም ይህንኑ በማንሳታቸው ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። መኪናው ብርሃን ስለሚፈልግ መስኮቱ ሥር ሆነ፤ አልጋው ከዚያ ተነስቶ በእትዬ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። ዲጄ ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ ከዳር ይተኛል፣ እኔ ከግድግዳው በኩል። ወንበሩም አብሮ ዞረ፤ ዲጄ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት፣ እኔንና መኪናዬን በጎን አድርጎ መቀመጥ ጀመረ። ቴሌቪዥኑን ያስጮኸዋል። እትዬ ግድግዳውን ይመቱታል። እኔ እሰፋለሁ። የሰው ቀሚስ እያጠበብኩ፣ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ፣ የራሴ ኑሮ በየት በኩል እንደተተረተረ ማየት አቃተኝ። ከመሄዴ በፊት በነበረው ምሽት ጎን ለጎን በጀርባችን ተኝተን ሳለ፣ ጣሪያውን እያየሁ፣ "እዚህ ቤት እንድኖር ትፈልጋለህ? አንድ ቃል በለኝ። ካልፈለግህ ነገ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፣ በዚያው እቀራለሁ" አልኩት። ጠበቅሁ። ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳብ አደረገና ተነፈሰ። በቃ፣ መልሴን አገኘሁ አልኩ።

የእህቴ ቤት እሱ ጭነት በሚያደርስበት መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ የጭነት መኪናው ጋ ሄድኩ። እሱ ጎማ እየመታ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣ "እንዴ! ወዴት ነው?" አለኝ።

"እህቴ ጋ።"

"ሳትነግሪኝ?"

ወይ ጉድ! እንደዚህ ያለ ድርቅና በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ትናንት ማታ አንጀቴን አውጥቼ ፊቱ ዘርግፌ፣ ዛሬ "ሳትነግሪኝ" ይለኛል። ቦርሳዬን ብቻ ዘረጋሁለት። ቦርሳውን ተቀበለኝ፣ አንዴ በእጁ መዘነው፣ ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠው። ከዚያ ወጥተን ገና አስፋልቱን ሳንይዝ አፉ ተከፈተ! ስለ መንገዱ፣ ስለ ናፍጣው፣ ስለ ጭነት መኪናው ባለንብረት ጉንፋን፣ የጫነው ስፖንጅ ፍራሽ እንዴት እየተጫጫነ ገመዱን እንደሚያላላበት፣ አንድ ጊዜ አንድ ፍራሽ በነፋስ ተነስቶ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ላም መጥታ እንደተኛችበት። እኔ ከረጅም ጊዜ ወዲህ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም፤ ስፌቱ አላስወጣኝም። "እ" ስለው ይሰማኛል፣ "አይ" ስለው ይሰማኛል፣ ለራሴ ያጉረመረምኩትን እንኳ "ምን አልሽ?" ይለኛል። ነገሩ ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ። እየሄድኩለት ስለሆነ ደስ ብሎት ነው አልኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና እንባዬን በአንድ ጣቴ ጠረግሁ።

እንባዬን እንኳ በሰላም እንዳልጠርግ ያ ቴፕ ተከፈተ። ድምፁ ሁሉ የሚመጣው በኔ በኩል ካለው በር ነው። በሱ በኩል ጭጭ። ደግሞ ባሱ የለም፤ ኢኳላይዘሩ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ቁልፎች የወፍራም ድምፁ ሁሉ ታች ወርደዋል፣ የቀጭኑ ሁሉ ጣሪያ ነክተዋል። ዘፋኟ ስትዘፍን ጥርሴን ይቆረጥመኛል፤ ዜና አንባቢው "ስ" ባለ ቁጥር በጆሮዬ መርፌ የሚገባ ይመስለኛል። ከዚህ ሰው እጅ ይህን የመሰለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። "ምነው በኔ በኩል ብቻ?" አልኩት። "በኔ በኩል ያለው ስፒከር ተቃጥሏል" አለኝና መንገዱን አየ። ዲጄ የተቃጠለ ስፒከር ይዞ አንድ ቀን አያድርም ነበር። ቢሆንም ምን ቸገረኝ፣ ሂያጅ አይደለሁ?

ሹፌሮች የሚያዘወትሩት ሻይ ቤት ስንደርስ ወርደን ሻይና ዳቦ አዘዝን። ቦታው ጠባብ ስለሆነ እኔ በቀኙ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ሹፌሮች ያውቁኛል፤ "እመቤት ዛሬ ከየት ተገኘሽ!" እያሉ ተሳሳቁ። መነጽሩ የሚሉት አንዱ ብርጭቆውን ይዞ መጣና ከፊታችን ቆመ። "ዲጄ፣ ባለፈው የኔን ቴፕ ምን አድርገህብኝ ነው? ዘፋኙ እኮ ከኔ ሸሽቶ ተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀመጠ! በኔ በኩል ዝር አይልም። ደግሞ ያፏጫል። ስታስተካክለው 'አሁን ልክ ሆነ' አልከኝ፣ አፈርኩ፣ እሺ ብዬ ሄድኩ።" ሁሉም ሳቁ። "አርጅተሃል በላ!" አለው ሌላው። ዲጄ አብሮ ሳቀ፤ ግን ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም፣ ወዲያው የሻይ ብርጭቆውን እያዞረ ማየት ጀመረ። አዘንኩለት። ትቼው ልሄድ ሆኜ እንኳ ሰው ሲስቅበት አልወደድኩም፤ እንዲህ ነው ክፉ ልማድ።

ከዚያ ትንሽ እንደሄድን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ዳር ያዘና ገመዱን ሊያጠብቅ ወረደ። ሞተሩን አጠፋ፣ ቴፑን ግን አልዘጋውም። እኔና ያ ፉጨት ብቻችንን ቀረን። ልቀንሰው ብዬ እጄን ስሰድ ከድምፁ ማዞሪያ አጠገብ ያለችውን፣ ድምፁን በግራና በቀኝ ስፒከር የምታካፍለውን የባላንስ ማዞሪያ አየሁ፤ ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ዞራለች። ወደ መሀል መለስኳት። ኧረ! በሱ በኩል ያለው ስፒከር ጥርት ብሎ ዘፈነ። ተቃጥሏል የተባለው! እስከ ሕይወቴ ፍጻሜ የማልረሳው ንዴት ነው የተናደድኩት። አውቆ ነው ማለት ነው፤ የሱን በኩል ዝም አሰኝቶ ጩኸቱን ሁሉ በኔ ላይ የደፋው፣ ፈጥና ትውረድልኝ ብሎ ነው! "በል እንግዲህ አንተም ቅመሰው" አልኩና ማዞሪያዋን ወደ ግራ እስከ ጥግ ጠመዘዝኳት። በኔ በኩል ዝም አለ። በሱ በር ኪስ ውስጥ የተሰገሰገው ወረቀት ከድምፁ የተነሳ ይርገበገብ ጀመር። እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁት።

መጣ። በሩን ዘጋ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ዳገቱን ያዝን። ሞተሩ ያጓራል፣ ዘፈኑ በበሩ በኩል እግሩ ሥር ይጮሃል፣ ወረቀቱ ይርገበገባል። አሁን ይቆጣል፣ አሁን "ምን ነካሽ" ይላል ብዬ በዓይኔ ጥግ አየዋለሁ። ምንም። ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልነበረም። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብሎ፣

"ለምን ቀነስሽው?" አለኝ።

"ቀነስኩት?"

"አዎ እንጂ፣ ከሩቅ እኮ ነው የሚሰማው። ራስሽን ካመመሽ አጥፊው፣ ለኔ ብለሽ አትተዪው።"

ክው አልኩ። መጀመሪያ የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ አያሾፍም። እጄን ቀስ አድርጌ ሰደድኩና ማዞሪያዋን በጣም በዝግታ ወደ ቀኝ መለስኳት፣ ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል። ድምፁ ከሱ በር እየራቀ ወደኔ ሲመጣ፣ ፊቱ እየተፈታ፣ እየተፈታ መጣ። ጣቶቹ መሪው ላይ መምታት ጀመሩ። "አሃ፣ እንደሱ ነው!" አለና ከዘፋኟ ጋር አንጎራጎረ። የዘፋኟ ድምፅ ጆሮዬን እየበሳው፣ እኔ ፈዝዤ ቀረሁ። መነጽሩ የተናገረው ትዝ አለኝ። ከዚያ አልጋው ትዝ አለኝ፤ አልጋው ከዞረ ወዲህ እኔ ከግራው በኩል ነኝ። ወንበሩ ትዝ አለኝ፤ የስፌት መኪናዬ ከግራው ነው። የጠራሁት ጥሪ ሁሉ፣ የለመንኩት ልመና ሁሉ፣ ትናንት ማታ ጣሪያውን እያየሁ የተናገርኩት ሁሉ የሄደው ለግራ ጆሮው ነው። የግራ ጆሮው ደግሞ የለም። ያን ሁሉ ዓመት በክፍት መስኮት ንፋስና የሞተር ጩኸት ሲጠጣ ኖሮ ሄዷል። የቀጭኑ ቁልፎች ጣሪያ የነኩትም የቀረችው ጆሮ ቀጭኑ ድምፅ እየሳሳባት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ባሏ ደነቆረ ብላ በደስታ ያለቀሰች ሴት ከኔ በቀር ካለች ትምጣና እንተቃቀፍ። ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ፣ ከዚያ መልሼ ደስ አለኝ። አልጠላኝም! አልናቀኝም፣ አልሰለቸሁትም፣ አልሰማኝም ብቻ! እሰይ፣ እሰይ፣ ተመስገን እያልኩ በውስጤ ያን ዳገት ጨረስኩት። ባላንስ የምትባለዋን ማዞሪያ መጀመሪያ ያሰበ ሰው፣ የትም ይኑር፣ እድሜና ጤና ይስጠው። "ምነው ዝም አልሽ?" አለኝ ዲጄ። "እየሰማሁህ ነው" አልኩት። ያቺን ላም እንደገና አነሳ፤ ሁለተኛ ሲያወራት ከመጀመሪያው ይልቅ አሳቀችኝ።

የእህቴ ቤት ያለበት ቅያስ ለጭነት መኪና ስለማይበቃ አፉ ላይ አቆምን። ዲጄ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ በጎን በኩል የላላች ገመድ መሳብ ጀመረ። እኔም ወረድኩና ዞሬ በግራው ቆምኩ። ልቤ አላምን ብሎ አስቸገረኝ፤ አንዴ ብቻ ላረጋግጥ አልኩ። ድምፄን ከፍም ዝቅም ሳላደርግ፣ ልክ እንደ ትናንት ማታው፣ "እዚህ ቤት እንድኖር ትፈልጋለህ? አንድ ቃል በለኝ" አልኩት። ገመዱን ሳበ፣ በጥርሱ ያዘ፣ በአፍንጫው እያንጎራጎረ ቋጠሮውን ጠቀለለ። ከኋላው ዞሬ በቀኙ ሄድኩ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ አልኩት። ገመዱ ከጥርሱ ወደቀ።

"ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" አለኝ ፊቱ ጠቁሮ።

"ትናንት ማታም ጠይቄህ ነበር።"

እጁን ከገመዱ አነሳ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "በየት በኩል ነበርሽ?" አለኝ።

"በግራ።"

የመኪናው መወጣጫ ላይ ቁጭ አለ። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። "መጀመሪያ ጆሮዬ ውሃ የገባበት መስሎኝ ነበር" አለ ከእጁ ሥር። "ከዚያ ይመለሳል እያልኩ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ … ባለንብረቱ ከሰማ መኪናውን ይነጥቀኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ዲጄ ደነቆረ ሲባል! የሰው ሁሉ ቴፕ የማስተካክል ሰውዬ! ላንቺ ልነግርሽ ብዬ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። አንቺ ደግሞ ዝም አልሽኝ፤ የስፌት መኪናው ከመጣ ወዲህ ቀና ብለሽም አታዪኝ። ሥራ ጀምራ እኔ አነስኩባት አልኩ።" ለካ እሱም በበኩሉ ሲጠራኝ፣ ሲያወራኝ ኖሮ በስፌት መኪናው ጩኸት ሳልሰማው ቀርቻለሁ። "ጠዋት ቦርሳሽን ሳነሳው ከሁለት ቀን ዕቃ በላይ ይከብድ ነበር" አለኝ። "መሄድሽ ገባኝ። ስለፈልፍ የዋልኩት ለምን መሰለሽ? ዝም ካልኩ አለቅስብሻለሁ ብዬ ነው።"

አጠገቡ በቀኙ ቁጭ አልኩ። ምን እንዳልኩት ሁሉን አላስታውሰውም፤ "አንተ ከንቱ፣ አንተ ሞኝ" የሚል ብዙ ነበረበት፣ "አፈር ስሆን አታልቅስ" የሚልም። "ነገ ሐኪም ቤት ነን" አልኩት። "ባለንብረቱስ?" "አብረን ሄደን እንነግረዋለን፤ እኔ በግራህ እቆማለሁ፣ አንተ እሱን ስማ።" ሳቀ፤ ያሁኑ ሳቅ የምር ነበር። እህቴ በቅያሱ ብቅ ብላ አየችን። በስልክ እያለቀስኩ ሁሉን ነግሬያት ስለነበር ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቦርሳው ነው፤ ቦርሳው አሁንም ከወንበሩ ኋላ ነበር። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ የቀላ ዓይኑን አየች። "ሻይ ጠጥተን እንሄዳለን" አልኳት። አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ ብርጭቆ ለማጠብ ፈጥና ገባች። ለዚህ ዝምታዋም እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ፍራሾቹን አራግፈን ስንመለስ ቴፑን እኔ ከፈትኩት። ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዞርኳት፣ የቀጭኑን ቁልፎች ብቻ ጥቂት ጥቂት ዝቅ አደረግኋቸው። "እንዲህ ይሰማሃል?" እያልኩ፣ እሱ "ትንሽ መልሺው" እያለ፣ ሁለታችንም እስክንስማማ ድረስ አንዷን ቁልፍ ስንቴ እንዳነሳንና እንዳወረድናት! በኔ በኩል አሁንም ይጮሃል፤ ጆሮዬን ይበሳዋል። ይብሳው።

ቤት ስንገባ ገና አልመሸም ነበር። አልጋውን እናዙረው፣ የስፌት መኪናውን እናንሳው፣ ወንበሩን ወዴት እናድርገው እያልን ስንከራከር ዲጄ ድንገት ቀጥ አለና ሁለቱን ትራሶች አንስቶ ከራስጌ ወደ ግርጌ ወረወራቸው። ሌላ ምንም አልተነካም። ከግድግዳው በኩል ጋደም አልኩ፤ እሱ ከዳር ጋደም አለ። በቀኙ ነበርኩ። ያ ሁሉ ጊዜ፣ ያ ሁሉ እንባ በሁለት ትራስ! ሳቄን ለመቆጣጠር አንዱን ነከስኩት። ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ስልክ ጠራ፣ "ሄሎ፣ አዎ፣ ሄዳለች መሰለኝ" ሲሉ ተሰማኝ።

"ዲጄ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ለራሴ እንደማወራ።

"ወይ" አለኝ። ሳብ አድርጎ፣ ምን ላድርግልሽ እንደማለት፣ ያቺኑ የድሮዋን።

እዚያ ማዶ ወሬው ቁርጥ አለ። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ።